አዲስ ቀፎ በአሮጌ ሊብሬ፦ ስለ አሜሪካ ክላሲክ መኪኖች ቦዲ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም ከሥራ መልስ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ የጋራዥ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የዛሬው ርእሴ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ተሠርተው አሁን እንደ ቅርስ የሚጠበቁትን ጉልበተኛ መኪኖች፣ ማለትም መስል ካር የሚባሉትን፣ ለማደስ ወይም ከባዶ ለመገንባት ከፋብሪካ የሚወጣው አዲስ ቀፎ ነው። ቀፎ ስል ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ወንበር፣ መስታወትና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተበይዶ ያለቀ ባዶ ቦዲ ማለቴ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ በአጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። በዚያ ጋራዥ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ተፈልጎ የታጣ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ክፍል፣ ከተራ ላሜራ ተቆርጦ በእንጨት ድጋፍ ላይ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይወጣ ነበር፤ አጎቴም እጄ ሲደክም እያየ «ከታገሥከው ብረት እንቢ አይልም» ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የቦዲ ጋራዦች ሲሆን፣ ባለፉት ዓመታት በአብዛኛው የምሠራው የቆዩ የአሜሪካ መኪኖችን ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ መዶሻና ብየዳ ከያዘ ሰው ወገን የሚታየውን ነው።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ አንድ 1969 ሥሪት ሼቭሮሌ ካማሮ ነው። ባለቤቱ በተሳቢ ጭኖ ሲያመጣው ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር፤ የፈለገውም ከኋላ ጎማው በላይ የወጣችውን አንዲት የቀለም እባጭ እንድናጠፋለት ብቻ ነበር። ማግኔት አውጥቼ እባጩ አጠገብ ለጠፍኩት፤ ወደቀ። አንድ ስንዝር ወደ ፊት ወስጄ ለጠፍኩት፤ አሁንም ወደቀ። ከበሩ ጠርዝ እስከ ኋላ መብራቱ ድረስ ማግኔቱ የያዘባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ባለቤቱ ፈቅዶልን ቀለሙን ስናነሣ ስቱኮው፣ ማለትም ማግኔት የማይይዘው የቦዲ መሙያ ልስን፣ በአንዳንድ ቦታ ከአውራ ጣቴ ውፍረት ይበልጥ ነበር። ከስቱኮው ሥር የቆርቆሮ ቁራጭ ተመቶበት አገኘን፤ ከቆርቆሮው ሥር ሌላ ስቱኮ፣ ከእርሱም ሥር እንደ ደረቀ ቅጠል በእጅ የሚፈርስ ዝገት ነበር። ወለሉን ከሥር በካቻቪቴ ስነካው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ባለቤቱ ቆሞ ያይ ነበር፤ ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም፣ ምክንያቱም መኪናውን የገዛው አባቱ በወጣትነቱ የነዳውን ዓይነት ለማግኘት ብሎ ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅሞ ነበር።

ለእንዲህ ያለ መኪና ቁራጭ ላሜራ ሁሉ ለየብቻው ይሸጣል። ወለሉ፣ ከበሩ ሥር በጎን የሚሄደው ሳጥን፣ ሁለቱ የኋላ ጎን ላሜራዎች፣ የኋላ ኮፈኑ ወለል፣ ከኋላ መስታወቱ ሥር ያለው ስስ ላሜራ፣ እነዚህ ሁሉ አዲስ ተሠርተው በካታሎግ ይገኛሉ። የአንዱ ዋጋ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው የሰው ጉልበት ነው፤ አንዱን ቆርጦ ለማውጣት የጎረቤቱን መደገፍ፣ አዲሱን ለመበየድ ከሌላው ጋር ማስተካከል፣ ከዚያም ቦዲው ተጣሞ እንደሆነ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። አምስትና ስድስት ቦታ የተበላ መኪና ሲሆን ሒሳቡ ከሙሉ ቀፎ ዋጋ ያልፋል፤ የአዲስ ቀፎ ገበያ የቆመውም በዚህ ሒሳብ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ይበላሉ የሚለውን ለመረዳት ወደ ልደታቸው መመለስ ይገባል። ብዙዎች የዘመኑን መጀመሪያ የሚቆጥሩት ፖንቲያክ በ1964 ትልቁን ሞተሩን መካከለኛ መጠን ባለው መኪና ውስጥ አስገብቶ ጂቲኦ ብሎ ከሸጠበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 17 ቀን ፎርድ ሙስታንግን በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ አወጣ፤ እስከ 1966 መጋቢት ድረስም አንድ ሚሊዮን ሙስታንግ ተሠርቶ ነበር። ሼቭሮሌ በ1967 ሞዴል ካማሮን ይዞ መጣ፤ ዶጅ ደግሞ በ1970 ቻሌንጀርን። ከዚያ የ1970ው የአየር ብክለት ሕግ፣ የኢንሹራንስ ዋጋ መናርና የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ተደራርበው ዘመኑን ዘጉት። እነዚህ መኪኖች ወጣቶች በደመወዛቸው እንዲገዟቸው በብዛትና በፍጥነት የተሠሩ ነበሩ፤ ስልሳ ዓመት ይቆያሉ ብሎ ያሰበ ሰው በፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። የተዘጉት የውስጥ ሳጥኖች ከዝገት የሚከላከላቸው ነገር እምብዛም አልተቀባባቸውም። በጣሪያቸው ላይ ቪኒል የተለጠፈባቸው መኪኖች ውኃውን በልባሱ ሥር አፍነው ይይዛሉ። በረዶ በሚጥልባቸው ግዛቶች ደግሞ መንገዱ በየክረምቱ ጨው ይረጭበታል፤ የዚህ አካባቢ ነዋሪዎች ስለሆናችሁ ጨው ላሜራን ምን እንደሚያደርግ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ላሳያችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሙስታንጎች ከፊት መስታወቱ ሥር፣ መጥረጊያዎቹ በሚቆሙበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የተዘጋ የላሜራ ሳጥን አለ። አየር ወደ ጋቢናው የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። በሳጥኑ ወለል ላይ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይፈስ እንደ ባርኔጣ ከፍ ያሉ ሁለት የአየር አንገቶች ቆመዋል። መኪናው ዛፍ ሥር ሲቆም ቅጠሉና አቧራው በቀዳዳዎቹ ገብቶ በእነዚያ አንገቶች ዙሪያ ይከማቻል፣ እርጥበቱንም ለሳምንታት ይይዛል፤ ዝገቱም ከአንገቱ ሥር ይጀምራል። ከውጭ ምንም አይታይም። እኛ የምንፈትሸው በውኃ ነው፤ አንዱ ሰው የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዞ ውኃውን ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ሌላው ምንጣፉ በተነሣለት ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ በባትሪ ወደ ዳሽቦርዱ ሥር ያያል። በሹፌሩ እግር በኩል የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ የዚያ መኪና የጥገና ሒሳብ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ያንን ሳጥን ለመክፈት በዙሪያው ያለውን ነጥብ ብየዳ አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ መብሳትና የላይኛውን ላሜራ ማንሣት ግድ ነው፣ ሲገጠም ደግሞ የመስታወቱን፣ የበሩንና የኮፈኑን መስመር ሁሉ የሚወስነው እርሱ ነው።

አሁን ቦዲና ሻንሲ ወደሚሉት ቃላት ልለፍ። እኛ በአማርኛ በሊብሬው ላይ የምናነበውን ቁጥር «የሻንሲ ቁጥር» እንለዋለን። ይህ አጠራር ቦዲው ለብቻው፣ እርሱን የሚሸከመው የብረት አጽም ማለትም ሻንሲው ለብቻው በነበረበት ጊዜ የተወለደ ነው፤ ለጭነት መኪና ዛሬም ትክክል ነው። ሙስታንግ ግን ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ ጎኖቹ፣ የፊቱ ሳጥኖችና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው ራሳቸው ሻንሲ ይሆናሉ። ካማሮ በመካከል ነው፤ ከኋላው እንደ ሙስታንግ ሲሆን ከፊቱ ሞተሩን የሚሸከም ግማሽ ሻንሲ በቡሎን ይታሰርለታል። ሼቬል የሚባለው ሌላው የሼቭሮሌ መኪና ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሙሉ ሻንሲ አለው፣ ቦዲው በላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «ቦዲ ቀየርኩ» ማለት በሦስቱ መኪኖች ሦስት የተለያየ ነገር ነው። የሼቬልን ቀፎ የቀየረ ሰው ከሥሩ የቀድሞው ሻንሲ ይቀርለታል። የሙስታንግን ቀፎ የቀየረ ሰው ግን ከቀድሞው መኪና ምን ቀረለት? ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ወንበሮቹ። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የቀፎ ሥራ የሚጀምረው ከዳይ ነው። ዳይ የሚባለው ከሁለት ወገን ላሜራውን ጨፍልቆ ቅርጽ የሚያስይዘው ከባድ የብረት ቅርጽ ነው፤ ለአንድ የኋላ ጎን ላሜራ ብቻ እንኳ አንዱ የሚያጎብጥ፣ አንዱ የሚቆርጥ፣ አንዱ ጠርዙን የሚያጥፍ በርካታ ዳይ ያስፈልጋል። ውድ ናቸው፣ ቦታም ይይዛሉ፤ ሞዴሉ ሲቋረጥ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ለብረት ማቅለጫ ይሸጧቸዋል። በዚህ ረገድ እንግሊዞች ዕድለኞች ነበሩ። ኤምጂቢ የሚባለው ትንሽ የስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 ተሠርቶ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ከተሸጠ በኋላ የአቢንግደን ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሆኖም ዳዮቹ አልጠፉም ነበርና ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ሰብስቦ አስተካክሏቸው በ1988 ሙሉ የኤምጂቢ ቀፎ እንደገና ማውጣት ጀመረ። ሥራው እጅግ የተሳካ ስለነበር ሮቨር ኩባንያ ራሱ በዚያ ቀፎ መነሻነት አርቪ8 የተባለ መኪና በ1990ዎቹ አውጥቶ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሠራ፣ አብዛኛውም ወደ ጃፓን ሄደ። ቀፎው መጀመሪያ የታሰበው ለጠጋኞች ነበር፤ መጨረሻው አዲስ መኪና መውለድ ሆነ።

አሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኛው ዳይ ስለሌለ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ደኅና ሁኔታ ላይ ያለ የጥንት መኪና ተገኝቶ ይፈታል፤ እያንዳንዱ ላሜራ ይለካል፣ ከልኬቱ አዲስ ዳይ ይሠራል። መጀመሪያ በቁራጭ ላሜራ የተጀመረው ይህ ንግድ እያደገ ሄዶ ካሊፎርኒያ ያለው ዳይናኮርን የተባለው ድርጅት ቁራጮቹን ሁሉ ገጣጥሞ ሙሉ የ1969 ካማሮ ቀፎ አወጣ፤ ከዚያም ሌሎች የካማሮ ዓመታት፣ የሙስታንግና የ1970 ቻሌንጀር ቀፎዎች ተከተሉ። ላሜራው በብዛት የሚጨመቀው ታይዋን ውስጥ ነው። በ2011 ደግሞ ፎርድ በራሱ ፈቃድ የተሠራ የ1965 ጣሪያ አልባ ሙስታንግ ቀፎ መቅረቡን አስታወቀ፤ ዋጋው ከ15 ሺህ ዶላር አካባቢ ይጀምር ነበር። ያ ቀፎ ከፊት ኮፈንና ከሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች በቀር በሮቹንና የኋላ ኮፈኑን ጨምሮ ሙሉ ነበር። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጣሪያ የሌለው መኪና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከወለሉና ከጎን ሳጥኖቹ ብቻ ስለሆነ እነርሱ ሲበሉ መኪናው ከመካከሉ ይጎብጣል። እንዲህ ያለ መኪና ገጥሞኝ ያውቃል፤ በክሪክ ስናነሣው በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ከተነሣ በኋላ ግን በሩ ወደ ቤቱ አልመለስ አለ።

በሥራ ጥራት በኩል አዲሱ ቀፎ ከጥንቱ የሚበልጥበት ነገር አለ፣ ይህን መመስከር ይገባኛል። ላሜራው አዲስ ነው፤ ነጥብ ብየዳው በሥርዓት የተደረደረ ነው፤ ከተበየደ በኋላም በኤሌክትሪክ ኃይል ቀለም በሚያስይዝ ገንዳ ውስጥ ስለሚነከር ጥቁሩ ፀረ-ዝገት ቀለም የእኛ ብሩሽ በማይደርስበት የሳጥን ውስጥ ሁሉ ይገባል። በ1969 በኦሃዮ ኖርዉድ ወይም በካሊፎርኒያ ቫን ናይስ ከመስመር የወጣ ካማሮ እንዲህ ያለ ጥበቃ አላገኘም።

ይሁን እንጂ ወጣት ባልደረቦቼን አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር ቢኖር ቀፎው ያለቀ መኪና አለመሆኑን ነው። አዲስ ነው ብሎ ከሳጥኑ አውጥቶ በቀጥታ ቀለም ቤት ማስገባት ትልቅ ስሕተት ነው። እኛ ቀፎው እንደ ደረሰ ምንም ቀለም ሳይነካው መኪናውን በሙሉ በደረቁ እንገጥመዋለን። በካማሮ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የፊቱ ግማሽ ሻንሲ ነው። በሻንሲውና በወለሉ ላይ ትይዩ የሆኑ የመለኪያ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቀጥ ያሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ከላይ እስከ ታች በነፃነት እስኪገቡባቸው ድረስ ሻንሲውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ እንገፋለን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቡሎኑ ይጠብቃል። የቆየው ሻንሲ ቀድሞ ተጋጭቶ ከሆነ ዘንጎቹ አይገቡም፤ ጥፋቱ የአዲሱ ቀፎ ይመስላል፣ የአሮጌው ሻንሲ ግን ነው። ቀጥሎ በሮቹ፣ ቀጥሎ ፓራፋንጎዎቹ፣ ቀጥሎ ኮፈኑ። በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች ወደ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ ሦስት ከታች ስድስት ከሆነ ማጠፊያው ይነካል፣ ከማጠፊያው ካላለፈ ጠርዙ በቀጭን ብየዳ ይሞላል ወይም ይሞረዳል። መስታወቱም እንዲሁ በደረቁ ይሞከራል። የሻጩ ካታሎግ የማይነግራችሁ የሥራ ሰዓት እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ለደንበኛችሁ ሒሳብ ስትነግሩ ይህን ሰዓት ደብቃችሁ አትንገሩ፣ በኋላ ጠብ ይሆናል።

ቀፎው ከተቀየረ ከቀድሞው መኪና ምን ቀረ ወዳልኩት ጥያቄ አሁን እመለሳለሁ፤ የምጀምረውም ከመለያ ቁጥሩ ነው። ከ1968 ጀምሮ የካማሮ መለያ ቁጥር በፊት መስታወቱ በኩል ከዳሽቦርዱ ላይ ይነበባል። የ1969 መኪና ቁጥር 124379ኤን ብሎ ቢጀምር፣ 1 ሼቭሮሌ ነው፣ 24 ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ፣ 37 ባለ ሁለት በር ባለ ጣሪያ፣ 9 የ1969 ሞዴል፣ ኤን የኖርዉድ ፋብሪካ ነው፤ ከዚያ የሚከተሉት ስድስት ቁጥሮች ተራው ናቸው። በጠቅላላው አሥራ ሦስት ምልክት ነው፤ ዛሬ የምናውቀው አሥራ ሰባት ምልክት ያለው ቁጥር የመጣው በ1981 ሞዴል ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ቁጥር መኪናው ተራ ይሁን ወይም ዜድ28 የሚባለው ውድ ዓይነት ይሁን አይናገርም። ሼቭሮሌ በ1969 ዜድኤል1 የተባለውን ባለ አሉሚኒየም ሞተር ካማሮ የሠራው 69 ብቻ ነው። በአንድ በኩል 69 መኪና፣ በሌላ በኩል ዓይነቱን የማይናገር ቁጥር፣ በሦስተኛው በኩል ማንም ገዝቶ ሊወስደው የሚችል አዲስ ቀፎ ሲገናኙ ፈተናው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ፋብሪካው ቁጥሩን በሙሉም ባይሆን በከፊል በቦዲው ስውር ቦታዎች ላይም ስለመታው፣ ከማሞቂያው ጀርባና ከአየር ማስገቢያው መሸፈኛ ሥር አይቶ ማመሳከር ለገዢ ግዴታ ነው። አዲስ ቀፎ ላይ በእነዚያ ቦታዎች ምንም የለም።

ታዲያ ከአሮጌው ቀፎ ላይ የቁጥሩን ሰሌዳ፣ ማለትም የታርጋውን ሳይሆን መለያ ቁጥሩ የተጻፈበትን ትንሽ ብረት፣ ነቅሎ አዲሱ ላይ መምታት ይቻላል ወይ? ደንበኞች ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚደጋገመው ይህ ነው። በ1984 የወጣው የፌደራል ሕግ የመኪናን መለያ ቁጥር እያወቁ መንቀልን፣ ማጥፋትን ወይም መለወጥን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ለጥገና የግድ ለሚያስፈልግ ሥራ ቀዳዳ ትቷል፤ ነገር ግን የሙስታንግን ወለል መቀየርና ሙስታንጉን በሙሉ መቀየር አንድ ነገር አይደለም። ሕግ ምን ያህል ጥብቅ ሊሆን እንደሚችል ካንሳስ ላይ ታይቷል። አንድ ሰው የታደሰ 1959 ኮርቬት ገዝቶ በ2017 ሊያስመዘግበው ሲወስደው፣ ቀደም ሲል በእድሳት ጊዜ የቁጥሩ ሰሌዳ ተነቅሎ እንደገና የተመታ መሆኑ ስለታወቀ መኪናው ተያዘበት። ሰውየው ምንም አላጭበረበረም፤ መኪናው ግን ለዓመታት ታግቶ ቆየ፣ የግዛቱ ምክር ቤትም በ2022 ሕጉን አሻሽሎ ለእድሳት ሲባል ሰሌዳ ማንሣትን ለጥንታዊ መኪኖች ፈቀደ። ይህ ሁሉ የሆነው አዲስ ቀፎ ባልገባበት መኪና ላይ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ለአዲሱ ቀፎ የራሱን ቁጥር ማስወጣት ነው። ግዛቶች ይለያያሉ፤ አንዱ ልዩ ግንባታ ይለዋል፣ አንዱ ዳግም የተገነባ ይለዋል፣ መርማሪ መጥቶ የሞተሩንና የቀፎውን ደረሰኝ ያያል፣ ከዚያ ግዛቱ ቁጥር ይሰጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1975 እና ከዚያ በፊት ያሉ ሞዴሎች ከጭስ ምርመራ ነፃ ስለሆኑ የመኪናው ዓመት ምን ተብሎ ይጻፍ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በ2001 የወጣ የግዛቱ ሕግ በየዓመቱ ለመጀመሪያዎቹ 500 ልዩ ግንባታ መኪኖች በሚመስሉት የጥንት ሞዴል ዓመት እንዲመዘገቡ በር ከፍቶላቸዋል። በብዛት ለሚሠሩት ደግሞ በ2015 የወጣው የፌደራል ሕግ አነስተኛ አምራቾች ቢያንስ ከ25 ዓመት በፊት የተሠራን መኪና የሚመስል እስከ 325 መኪና በዓመት እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ሞተራቸው ግን የዘመኑን የጭስ ደረጃ ማሟላት አለበት። የማስፈጸሚያ ደንቡ ዓመታት ፈጅቶ ነው የወጣው። ዛሬ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለው ሬቮሎጂ የተባለው ድርጅት በአዲስ ቀፎ ላይ በ1960ዎቹ ሙስታንግ መልክ አዲስ መኪና ይሠራል፣ የሚሸጠውም በጥንቱ ስም ተሸፍኖ ሳይሆን አዲስ መሆኑን ተናግሮ ነው።

በሙያው ውስጥ ስለ አዲስ ቀፎ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ሁለቱንም አከብራለሁ፣ ከሁለቱም ጋር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አንደኛው ወገን «ቀፎው ከተቀየረ መኪናው ሞቷል፣ የቀረው አሻንጉሊት ነው» ይላል። ሁለተኛው «መኪና ማለት ሊብሬው ነው፣ ላሜራ መለዋወጫ ነው» ይላል። እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ከ69ኙ ዜድኤል1 ካማሮዎች አንዱ የሆነ መኪና ቢመጣልኝ፣ የቱንም ያህል ቢበላ፣ ጥንታዊውን ላሜራ እስከሚቻለው ድረስ አድናለሁ፤ ሥራው ሁለት ዓመት ቢፈጅም፣ ከቀፎ ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢያስወጣም። ያ ላሜራ በፋብሪካው ሠራተኛ እጅ የተበየደ ነው፤ በጣሪያውና በጎኑ ላሜራ መጋጠሚያ ላይ ያፈሰሱት እርሳስ እንኳ የዚያ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ከጠፋ የትም አይገኝም። ሼቭሮሌ በ1969 ሞዴል ከ240 ሺህ በላይ ካማሮ ሠርቷል፤ ከእነዚያ ውስጥ ተራ የሆነውን፣ አንዱ የአባቱን ትዝታ ሊነዳበት የሚፈልገውን መኪና ግን በአዲስ ቀፎ መሥራት ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው መኪናው ሲሸጥ ገዢው ካልተነገረው ነው። የሐራጅ ገበያው በጥንት ሥሪትና በአዲስ ቀፎ መካከል ያለውን ልዩነት በገንዘብ ይተምናል፤ ያንን ልዩነት ዝም ብሎ ወደ ኪሱ የሚያስገባ ሻጭ የሚሰርቀው ከገዢው ነው፣ የሚያረክሰው ግን የእኛን ሙያ ነው። በአዲስ አበባ ስሠራ ሞተር የተቀየረለት መኪና አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ በሽያጭ ቀን ምን ያህል እንደሚያጨቃጭቅ አይቻለሁ፤ ከመካከላችሁም ያያችሁ ትኖራላችሁ። እዚህ ደግሞ የተቀየረው ሞተሩ አይደለም፣ መኪናው ራሱ ነው።

በዚህ ምክንያት እኛ ጋራዥ ቀፎ የተቀየረለት መኪና ሁሉ አንድ ወፍራም ማኅደር አለው። የቀፎው ደረሰኝ፣ ከሳጥኑ ሲወጣ የተነሣው ፎቶ፣ በደረቁ ሲገጠም የተወሰደው ልኬት፣ ከአሮጌው መኪና የተወሰደው ዕቃ ዝርዝር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ ከመኪናው ጋር ይሄዳል፤ መኪናው ቢሸጥ ማኅደሩም እንዲሸጥ ከባለቤቱ ጋር እንፈራረማለን። ይህ ሕግ የሚያስገድደን አይደለም፣ እኛ ራሳችን ያወጣነው ነው፤ እናንተም እንድታደርጉት እለምናችኋለሁ።

ያ ካማሮ ያለው ደንበኛ ሁለት ሳምንት አስቦ አዲስ ቀፎ አዘዘ። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ የኋላ ዲፈረንሻሉን፣ መሪውንና ወንበሮቹን ከአሮጌው አወጣን፤ የፊቱን ግማሽ ሻንሲ ለካነው፣ ደኅና ነበርና አጽድተን ተጠቀምንበት። የአሮጌውን ቁጥር ሰሌዳ አልነካነውም። ከነተመታበት ላሜራው፣ ከነአሮጌ ሊብሬው ለባለቤቱ አስረከብነው፤ ለአዲሱ መኪና መርማሪው መጥቶ ደረሰኞቹን አይቶ ግዛቱ አዲስ ቁጥር ሰጠው፣ በሊብሬውም ላይ ዳግም የተገነባ መሆኑ ተጻፈ። ባለቤቱ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ 1969 የሚለውን በወረቀቱ ላይ ማየት ይፈልግ ነበርና። መኪናውን ልናስረክበው ቀጠሮ የያዝንበት ቀን አባቱን ይዞ መጣ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገር የሹፌሩን በር ከፈተ፣ ለቀቀው፣ በሩም በራሱ ክብደት ሄዶ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ደግሞ ከፈተው፣ ደግሞ ለቀቀው። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና ቁልፉን እንድሰጠው እጁን ዘረጋልኝ።